ከአርባ ቀን በኋላስ? የምታጠባ እናት ምግብና የልጇ ዕድገት በወሎ

በወሎ ሴት ልጅ ከምንም ጊዜ በላይ የምትጠግበው አራስ ቤት ውስጥ ነው። ገንፎው በቅቤ ይዋጣል። አጥሚቱ ከእሳት አይወርድም። ጎረቤት ባዶ እጁን አይገባም። አቅም ያለው በግ ያርዳል፣ የሌለው እንቁላል ይፈልጋል። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት እንዲሁ ነው። ከዚያ ለወንድ በአርባ፣ ለሴት በሰማንያ ቀን ልጁ ክርስትና ይነሣል፤ በሙስሊሙ ቤትም አርባው ይወጣል። እናትየዋ ከአራስ ቤት ትወጣና ጀሪካኗን አዝላ ምንጭ ትወርዳለች። ምግቧም ወደ ድሮው ይመለሳል፤ ባልና ልጆች ከበሉ በኋላ መሶቡ ላይ የቀረው።

ይህ የአራስ ባህል በጣም ጥሩ ባህል ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ቶሎ ያልቃል። የሚያልቀውም የሕፃኑ ፍላጎት ገና ከፍ ባለበት ሰዓት ነው።

ሕፃን በተወለደበት ቀን የሚጠባው እንገር በጣም ጥቂት ነው፤ በማንኪያ የሚቆጠር። ወር ሲሞላው ግን በቀን ከ700 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ወተት ይጠባል። እስከ ስድስት ወሩም እዚያው አካባቢ ይቆያል። ይህን ወተት ለመሥራት የእናት ሰውነት በቀን ከ600 ኪሎ ካሎሪ በላይ ያወጣል። ከፊሉ በእርግዝና ጊዜ ካጠራቀመችው ስብ ይሸፈናል። ቀሪውን፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ በየቀኑ ከወትሮው ጨምራ መብላት አለባት። በእኛ ገበታ ሲታሰብ አንድ ሙሉ እንጀራ በወጥ ማለት ነው። ጤና ኤክስቴንሽኖች «ነፍሰ ጡር አንድ ጊዜ፣ የምታጠባ ሁለት ጊዜ ጨምራ ትብላ» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ብዙ ሰው ግን የሚያስበው በተቃራኒው ነው። ሆዷ ሲገፋ «ለሁለት ብዪ» ይላታል፤ ከወለደች በኋላ ደግሞ «ተገላገለች» ይልና ይረሳታል። ማጥባት ከእርግዝና የበለጠ ጉልበት ይጨርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እናት ካልበላች ወተቷ ይደርቃል ማለት ነው? የከሳች እናት ወተት «ውሃ» ነው?

አይደለም። ይህን በደንብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከዚህ አሳሳች ሐሳብ ተነሥተው ስንት ሕፃናት በሦስት ወራቸው የላም ወተት በጡጦ ተሰጥቷቸው በተቅማጥ ተጎድተዋል። የእናት ሰውነት ለልጅ ያዳላል። ምግብ ቢያንስም ወተቱን በተቻለው መጠን እንደነበረ ያቆየዋል። የጎደለውን ከእሷ ስብ፣ ከእሷ ጡንቻ፣ ከእሷ አጥንት ይወስዳል። ለምሳሌ አጥቢ እናት ከአጥንቷ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚሆነውን ማዕድን በጥቂት ወራት ውስጥ ልታጣ ትችላለች። ልጁ ጡት ሲጥል አብዛኛውን ጊዜ ይመለስላታል። በመሐል ቶሎ ካረገዘች ግን የሚመለስበት ጊዜ ያጥራል።

ተመራማሪዎች ነገሩን በተግባር ሞክረውታል። ጋምቢያ ውስጥ ኬኔባ በምትባል መንደር ለሚያጠቡ እናቶች ተጨማሪ ምግብ ተሰጣቸው። ይበዛል የተባለው ወተት አልበዛም። እናቶቹ ራሳቸው ግን በመጠኑ ክብደት ጨመሩ። ጓቲማላ ውስጥ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ደግሞ ውጤቱ ለየት አለ። በተለይ በጣም ቀጫጭን የነበሩት እናቶች በቂ ጉልበት ሰጪ ምግብ ሲያገኙ ልጆቻቸው የበለጠ ወተት ጠቡ። ሁለቱን አብረን ስናያቸው፣ እንደ እኔ አረዳድ፣ የሚሉት ይህን ነው፤ መካከለኛ አቅም ያላት እናት ብትመገብ ጥቅሙ በመጀመሪያ ለራሷ ነው፤ በጣም የተጎዳች እናት ብትመገብ ግን ለልጁም ይተርፋል። ለወሎ ደጋማ ወረዳዎች፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ፣ ሁለተኛው የሚያሳስብ ነው።

ይህ ስለ ወተቱ መጠን ነው። ስለ ይዘቱ ስናወራ ነገሩ ለሁለት ይከፈላል። ብረት፣ ዚንክ፣ ካልሲየምና ፎሌት እናት ብትበላም ባትበላም ወተቱ ውስጥ ያላቸው መጠን ብዙም አይለዋወጥም። በሌላ በኩል ቫይታሚን ኤ፣ ቢ12ን ጨምሮ ብዙዎቹ የቢ ቫይታሚኖችና አዮዲን እሷ ከምትበላው ጋር አብረው ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። እሷ ካላገኘች ልጁም አያገኝም። ልጁ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ወተት ይጠባል፣ ይተኛል፣ ይስቃል። ውስጡ ግን አንጎል የሚሠራበት ግብዓት ይጎድላል።

ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ አገር በጣም የሚያሳስበኝ ቢ12 ነው። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው፤ ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከዓሣ። ደም ለመሥራትና ለነርቭ ዕድገት ያስፈልጋል። አንዲት የወሎ ገበሬ ሴት ሥጋ የምትበላው በዓመት በዓል ነው። እንቁላሉን ገበያ ትወስደዋለች፤ በእሱ ጨውና ሳሙና ትገዛለች። በዚያ ላይ ደግሞ ጾም አለ፤ ዐቢዩ፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ፣ የነቢያት፣ በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ። ሲደመር የዓመቱን ግማሽ ያህል ይወስዳል።

ስለ ጾም ስጽፍ ሰው ቅር እንዳይለው እጠነቀቃለሁ፤ ግን መነገር ያለበት ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ማቅለያ አላት። እናትየዋ የንስሐ አባቷን ብታነጋግር መፍትሔ ታገኛለች። በእስልምናም ረመዳን ላይ ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ አጥቢ እናት እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል፤ ጊዜዋ ሲመቻት ቀዷ ታወጣለች፣ ያለፋትን ጾም ትተካለች ማለት ነው። ችግሩ ሕጉ ላይ ሳይሆን ሰፈሩ ላይ ነው። «እገሌ እያጠባች ጾማ የለ እንዴ» የሚለው ወሬ ከቄሱም ከሼኩም ቃል በላይ ያስፈራል። ብዙ እናቶች ስድስት ሰዓት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሳይበሉ የሚውሉት ማንም አስገድዷቸው ሳይሆን ከሐሜት ለመዳን ነው። አማት ወይም የነፍስ አባት ፊት ለፊት «አንቺ ብዪ» ያሏት እናት ግን ትበላለች።

አዮዲን ቀለል ይላል። ከአዮዲን እጥረት የሚመጣው እንቅርት ወሎ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ዝናብ የሚያጥበው ደጋ መሬት አዮዲን የለውም፤ እህሉም አይኖረውም። መድኃኒቱ አዮዲን ያለው ጨው ነው። የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ደንብ ተወስኗል። ነገር ግን በጆንያ ተከፍቶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚሸጥ ጨው አዮዲኑ ይበንናል። የታሸገውን ግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ሌላ ወጪ የለውም።

«ታዲያ ምን ትብላ?» ለሚል፣ የአገሩን እህል ይዞ ማሰብ ይሻላል። መጽሔት ላይ የሚወጣው የአቮካዶና የለውዝ ቅቤ ምክር ለደላንታ እናት ምን ያደርግላታል! ደላንታ ምስር አለው፣ ያውም ስም ያለው ምስር። ቃሉ ማሾ ይዘራል። ቆቦ ማሽላ ነው። መርሳና ግራና ማንጎና ፓፓያ ያወጣሉ። ሐይቅ ዓሣ አለ። ባቲ ሰኞ ገበያ ሲቆም የግመል ወተት ይገኛል። ዱባና ጎመን ጓሮ የሌለው የለም። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለሴቶች ምግብን በ10 ምድብ ይከፍሉታል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ከ5 ምድብ ያላነሰ የበላች ሴት የሚያስፈልጋትን ንጥረ ነገር የማግኘት ዕድሏ ሰፊ ነው። እንጀራ አንድ። ሽሮ ወይም ምስር ሁለት። ጎመን ሦስት። ዱባ ወይም ማንጎ አራት። አምስተኛው ላይ ነው ብዙ ቤት የሚቸገረው፤ እንቁላል፣ ወይም አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ወይም ቲማቲምና ቃሪያው እንኳ በደንብ ከበዛ። ቤት ውስጥ ሁለት ዶሮ ካለ በሳምንት ሦስት አራት እንቁላል ለእሷ ይቅር ነው የምለው። ጨውና ሳሙናው በሌላ ይገዛ።

ጎመኑና ዱባው ላይ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ይበልበት፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ስብ በደንብ አይዋጥም። ባቄላና ሽምብራ ዘፍዝፎ አብቅሎ መብላት፣ ያ ስቅለት ላይ የምንበላው በቆልት፣ ከዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚበላ መሆኑ ያሳዝናል። ሲበቅል ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ ሰውነት የበለጠ ያገኛል። የእንጀራ እርሾም ይህንኑ ይሠራል። በሶ፣ ቅንጬ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ ሁሉም ይጠቅማሉ። አብሽ ወተት ያበዛል ይባላል። ብትጠጣው አይጎዳትም፤ ግን በወተት ማብዛት በኩል ማስረጃው ደካማ ነው። ለሕፃኑ በማንኪያ የሚሰጠው የአብሽ ውሃ ግን መቅረት አለበት።

ሦስት የወሎ ነገሮች እዚህ ላይ ይነሣሉ። ቡና አንዱ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከምግብ ጋር ተያይዞ ሲጠጣ የምግቡን ብረት ያስቀራል። ቡናውን ተዉ ብል ማንም አይሰማኝም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። ጠላ ሁለተኛው ነው። «ወተት ይገፋል» ተብሎ ለአራስ ይሰጣል። አልኮል ግን ወተት እንዲፈስ የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ያዳክማል፤ ሕፃኑም የሚያገኘው ወተት ይቀንሳል። ሦስተኛው ጫት። በተለይ ከቃሉ እስከ ከሚሴ ባለው ቆላ የምትቅም እናት ብርቅ አይደለችም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ አነቃቂው ነገርም ወደ ወተቷ እንደሚያልፍ ታይቷል። ሁለት ጊዜ ጨምራ መብላት ያለባት ሴት ከሰዓቱን ሙሉ ሳትበላ ስትውል ሒሳቡ አይሞላም።

«ወተቴ አነሰ» የምትል እናት በየቤቱ አለች። አብዛኛውን ጊዜ ያነሰው የመጥባቱ ቁጥር ነው። ጡት በተጠባው ልክ ወተት ይሠራል፤ ካልተጠባ ሰውነት «አልተፈለገም» ብሎ ይቀንሳል። አዲስ የተወለደ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት፤ የሌሊቱ ጭምር። ልጁ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ በሚዛን ላይም ከወር ወር ከጨመረ፣ አብሽሪ፣ ወተትሽ በቂ ነው። አምስት ወር አካባቢ የትውልድ ክብደቱን እጥፍ ማድረግ ይጠበቅበታል። ካልጨመረ ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ ወደ ጡጦ አይደለም። ውሃም አያስፈልገውም። ቆቦና ባቲ ቢሞቅም የእናት ወተት 87 በመቶው ውሃ ነው።

ጡት ግን አፍ ውስጥ የሚገባው እናት ቤት ስትኖር ነው። ምንጭ ሁለት ሰዓት፣ ማገዶ ግማሽ ቀን፣ አጨዳ ቀኑን ሙሉ ከሆነ ልጁ ከስምንት ዓመት እህቱ ጋር ይውላል። ያኔ ያለ ፋፋና ያለ ጡጦ የሚያቆየው የለም። ስለዚህ የእናት ምግብ ስንል የእናት ዕረፍትም ማለታችን ነው። ውሃ ባል ቢቀዳ፣ ማገዶ ወንድሞቿ ቢያመጡ፣ እሷ ቁጭ ብላ ብታጠባ፣ ያለምንም ተጨማሪ እህል ካሎሪዋ ይተርፋል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ እናት ችግሯ ሌላ ነው። የወሊድ ዕረፍቷ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው፤ ጡት ብቻ የሚጠባበት ጊዜ ግን ስድስት ወር። ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ያለበችው ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ በማንኪያ ወይም በስኒ ይሰጠዋል።

በሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች በሥራ ምትክ እህል ወይም ገንዘብ በሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የታቀፈች እናት መብቷን ማወቅ አለባት። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር አንስቶ የወሎ ብዙ ወረዳዎች ውስጡ አሉ። እርግዝናዋ በጤና ተቋም ከታወቀ ጀምሮ፣ ቢያንስ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው፣ እርከን መሥራትና ድንጋይ መሸከም የለባትም፤ ክፍያዋ ግን ይቀጥላል። ይህ ካልተደረገላት ከጤና ኬላው ወረቀት አጽፋ ለቀበሌው ታቀርባለች።

የተጎዳች እናት የምትለየው በክንድ መለኪያ ነው። ያች ባለ ቀለም ሪባን። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ያላት እናት የክንዷ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ተጎድታለች ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ባለበት ወረዳ አልሚ ምግብ ይሰጣታል። ሕዝቡ ሁሉንም «ፋፋ» ነው የሚለው። ይህ ዱቄት ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ይገነፋል፣ ልጆች ይከቡታል፣ እሷ ድስቱን ትልሳለች። በጭካኔ አይደለም፤ የትኛዋ እናት ናት የተራበ ልጇ እያየ ብቻዋን የምትበላ? ስለዚህ ምግቡ ሲሰጥ የቤቱ ረሃብ ካልታሰበ መለኪያው ላይ ለውጥ አይታይም። እርዳታ ሰጪዎች «እናቶች አይጠቀሙበትም» ብለው ሪፖርት ሲጽፉ ይህን አብረው ቢጽፉት ጥሩ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ያጠሩ፣ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት መቀንጨርን ለማጥፋት ቃል ሲገባ ስሙን ከዋግዋ ሰቆጣ ወሰደ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ግብርናውንም፣ ውሃውንም፣ ትምህርቱንም ከጤናው ጋር አብሮ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም። መቀንጨር ከፊሉ ማሕፀን ውስጥ ይጀምራል። አብዛኛው ደግሞ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ፣ ልጁ ቀጭን አጥሚት ብቻ ሲሰጠውና ተቅማጥ ሲመላለስበት ይመጣል። የእናት ምግብ ብቻውን ልጅ አያስረዝምም።

ስድስት ወር ሲሞላ ታዲያ ለልጁ ወፍራም ገንፎ ይጀመርለታል፤ እንቁላል፣ የተፈጨ ምስር፣ ዱባ ይገባበታል። ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። እናትየዋ አሁንም ወተት እየሠራች ነው። የሚሠራው ወተት ቢቀንስም ከእርግዝናው የተረፈው ስብ ስላለቀ፣ በዚህ ጊዜም ከወትሮው በቀን 400 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጨምራ መብላት አለባት። ገንፎው ለልጁ ሲገነፋ ድስቱ ትንሽ ተለቅ ይበል፤ ለእሷም ይውጣላት።